ለትንሹ ንጉሥ የተመደበ አስተርጓሚ

በዓለም ላይ ብዙ ጉባኤዎች ተቀምጠው ተነሥተዋል። ስለ ድንበር የተሟገቱ አሉ፤ ስለ ሃይማኖት የተረጋገሙ አሉ፤ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ባሕር ሲነታረኩ መሽቶባቸው የተበተኑም አሉ። ቁመቱ ከጉልበት ስለማያልፍ ሰው፣ ያውም ፊልም ውስጥ ካልሆነ በቀር የትም ስለሌለ ሰው ሲሰበሰብ አንድ ጸደይ የጨረሰ ጉባኤ ግን ከእኛ በፊት አልተሰማም። ይህ ክብር የካልጋሪ ነው፤ ከካልጋሪም የሰሜን ምሥራቁ ሰፈር፣ ከሰሜን ምሥራቁም የእኛ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙን አልጠራም። ሕንፃውን ከፈረንጆች ተከራይተን ስለምንጠቀም ስማችን በሩ ላይ የተለጠፈው ከእነሱ ስም ሥር በትንንሽ ፊደል ነው፤ እነሱ ያሳነሱትን እኔ አላገንነውም።

ዘመኑ የነዳጁ ዘመን ነበር። ዳውንታውን ላይ ቀና ያለ ሰው ከሰማይ ይልቅ ክሬን ያያል። ሀምበርገር ቤቱ እንኳ በሩ ላይ "ዛሬ ግባ፣ ዛሬ ጀምር" ብሎ የለጠፈበት፣ ትናንት ከኤርፖርት የወጣ ሰው ዛሬ ሁለት ሥራ ይዞ ሦስተኛውን "እስቲ ላስብበት" የሚልበት ጊዜ ነው። ወንድሞቻችን ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ኤርድሪ ላይ ቤት ይገዛሉ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ አንድ ሌሊት ሳይተኙበት አትርፈው ይሸጡታል፤ በትርፉ ሌላ ይገዛሉ። እሁድ ሲሆን ፊት ወንበር ላይ ተደርድረው ምድራዊ ነገር እንደማያምራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘምራሉ። እኔ ዓይኔን አልጨፍንም። የመዝሙሩን ግጥም በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የማወጣው እኔ ስለሆንኩ መጨፈን አልተፈቀደልኝም።

በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም፤ "አንተ የፕሮጀክተሩ" ነው የምባለው። ድሮ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ መድረክ ላይ ከጎኑ ቆሜ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። አንድ እሁድ ግን የአስተርጓሚ የትምህርት ደረጃ እንዲጣራ ሐሳብ ቀረበ፤ የእኔም ሲጣራ ሲጣራ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቆመ። ቂም አልያዝኩም። ሐሳቡን ማን እንዳቀረበ፣ የት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ምን ዓይነት ሹራብ እንደለበሰ ጭምር ረስቼዋለሁ። አረንጓዴ ነበር።

ባለ አረንጓዴው ሹራብ ወንድም ዘነበ በእኔ ቦታ ተተካ። ወንድም ዘነበ የተማረ ሰው ነው። ዳውንታውን ካሉት የነዳጅ ኩባንያ ፎቆች በአንዱ፣ ደመና በመስኮት በሚገባበት ከፍታ ላይ ይሠራል። ምን እንደሚሠራ የጠየቁት ሁሉ "ኮኦርዲኔት አደርጋለሁ" የሚል መልስ አግኝተው ረክተዋል። ሥራውን ባናውቀውም ባጁን እናውቀዋለን፤ እሁድም አንገቱ ላይ ነው። የጌታን እራት ሲያድል ወይኑ ውስጥ እንዳይነከር በግራ እጁ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። እንግሊዝኛውም የተመሰከረለት ነው። ሲናገር እንደ ጅረት ነው፤ ሲያዳምጥ ፈገግ ይላል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ታላቅነት መካከል ሠናይት የምትባል ልጅ ነበረች። ሰንሪጅ ሞል ውስጥ ጫማ ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሺፍቷን እየለዋወጠች ምድር ቤት ባለችው ክፍል ልጆቻችንን ታስተምራለች። ልጆቻችን እዚሁ ተወልደው እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰሙ ናቸው፤ አማርኛቸው "ና"፣ "ብላ"፣ "ተኛ" እና "ዝም በል" ላይ ያልቃል፤ ከወላጆቻቸው ጋር ለመኖር ይኸው በቂ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያ ሰሞን ግን ትምህርቱ ስለሰለቻቸው እየቀሩ ክፍሏ ሳሳች። በሌላ በኩል ቤት የሚገዙና የሚሸጡ ወንድሞች "የባለንብረቶች የጸሎት ኅብረት" የሚል አቋቁመው ስለ ገበያው በኩሽና ውስጥ ቆመው ይጸልዩ ነበርና ክፍሏን ፈለጓት። ሽማግሌዎቹ ወሰኑ፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ክፍሏ በልጆች ካልሞላች ለባለንብረቶች ትሰጣለች፤ ሠናይትም ተመስግና ትሰናበታለች።

ሠናይት ወደዚህ አገር የመጣችው ብቻዋን ነው። አብሯት የሚኖር የለም፤ ከዚያች ክፍልና ከእነዚያ ልጆች በቀር በዚህች ከተማ "የኔ" የምትለው ነገር አልነበራትም። ይህን ለሽማግሌዎች አላመለከተችም፤ ብታመለክትም የሚመራበት ክፍል የለም። ይልቅ ላይብረሪ ገባችና አንድ አሮጌ የቤተሰብ ፊልም ተውሳ መጣች። አየርላንድ በሚባል አገር አንድ አፈኛ ሽማግሌ፣ ከኮረብታ ሥር የሚኖሩትን የትንንሾቹን ሰዎች ንጉሥ በወተት ባልዲ ደፍቶ ይይዘዋል። ንጉሡ ለመለቀቅ ሦስት ምኞት ሊፈጽምለት ቃል ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ታሪኩ ማን ማንን እንደሚያታልል ነው። ልጆች ይህን ቢሰሙ ጎረቤት ጠርተው ይመጣሉ ብላ አሰበች። አስተሳሰቧ ትክክል ስለነበር ችግር ተፈጠረ።

ወንድም ዘነበን ደረጃ ላይ አገኘችው።

"ጋሼ ዘነበ፣ ቅዳሜ ለልጆቹ ፊልም ላሳያቸው አስቤ ነበር።"

"ስለ ምን የሚያወራ?"

"ተረት ነው። አንድ ሽማግሌ ትንሽዬ ንጉሥ ይይዝና..."

"ምን ያህል ትንሽ?"

እጇን ጉልበቷ ዘንድ አደረገች። ወንድም ዘነበ እጇን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየ። ከዚያም ባጁን አስተካክሎ "ይህ ኮሚቴ ያስፈልገዋል" አለ።

በማግስቱ ጊዜያዊ የምስል ወድምፅ መንፈሳዊ ይዘት መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ወንድም ዘነበ ነው። ጸሐፊው ወንድም ደርበው ነው፤ ሙያው ቤት ማሻሻጥ ሲሆን በጸሎት መሐል ስልኩን የማያጠፋ፣ ግን ድምፁን የሚቀንስ ትሑት ሰው ነው። እናቶችን ወክለው እትዬ ሮማነወርቅ ገቡ፤ የራሳቸው ልጆች ትዳር ይዘው ቶሮንቶ ከገቡ ስለቆዩ በነገሩ ላይ ገለልተኛ እንደሚሆኑ ታመነባቸው። ሠናይት የጥቅም ግጭት ስላለባት አልተጠራችም። እኔ ሽቦ ለመሰካት፣ ያለ ድምፅ፣ ተጠራሁ።

ምርመራው የተካሄደው ኤርድሪ፣ ወንድም ዘነበ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ግድግዳውን የሞላ ቴሌቪዥን፣ የእግር ማሳረፊያው በቁልፍ የሚነሳ የቆዳ ወንበር አለ። ሰብሳቢው ቆሞ ንግግር አደረገ። የተሰበሰብነው የትውልድን ዓይን ለመጠበቅ መሆኑን፣ ዓይን የነፍስ መስኮት መሆኑን፣ መስኮት ደግሞ ክፍት ከተተወ ብርድ እንደሚያስገባ አብራራ። ከዚያ ፖፕኮርን ዞረ።

ፊልሙ ተጀምሮ ንጉሡ ባልዲው ሥር ሲገባ "አስቁም" ተባልኩ። ጥያቄው፣ ይህ ፍጡር ጋኔን ነው ወይስ በቁመት የተጎዳ ሰው የሚል ነበር። ወንድም ደርበው ጋኔን ቢሆን ኖሮ በባልዲ እንደማይያዝ ተከራከረ። ወንድም ዘነበ ባልዲው ምን ባልዲ እንደሆነ ሳይታወቅ መደምደም እንደማይቻል አስገነዘበ። ወደ ኋላ መልሼ ባልዲውን አሳየሁ። ቆርቆሮ ነው። በዚህ ተግባቡና ወደ ዋናው አደጋ ተሻገሩ።

"አደጋው ምኞቱ ነው" አለ ወንድም ዘነበ። "ልጅ መመኘት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት። የዛሬ ወላጅ ያልተመኘውን የነገ ልጅ ለምን ይመኛል?"

የወንድም ደርበው ስልክ ጮኸ። ደረጃው ላይ ወጥቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ሰዎቹ ያኛውንም ቤት ከፈለጉ ሁለቱን አንድ ላይ ይውሰዱ፣ ሦስተኛው የወንድም ዘነበ ነውና አይነካ ሲል ሰማነው። ተመልሶ ተቀመጠ።

"የት ደረስን?"

"ምኞት ላይ" አለው ሰብሳቢው።

"በጣም አደገኛ ነው" አለ ወንድም ደርበው።

እትዬ ሮማነወርቅ ይህን ሁሉ ጊዜ ፖፕኮርኑን እቅፋቸው ላይ አድርገው ሲቆረጥሙ ነበር።

"እንዲያው፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬም አለ?" አሉ።

"የትኛው?"

"አጭሩ።"

"ፊልም እኮ ነው እትዬ።"

"ፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ። አየርላንድ ግን አለች አይደል?"

ሁሉም ለአፍታ ያችን አገር ሲያስባት ፊታቸው ላይ አየሁ። አደጋውን በሚገባ ለመረዳት ፊልሙ እንደገና እንዲታይ ተወሰነ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከሌላ ማዕዘን እንዲታይ ተወሰነ፤ ሌላው ማዕዘን ሶፋው ነበር። ከዚያ በኋላ እትዬ ሮማነወርቅ ዋናውን የምስጢር ቦታ በደንብ እንዳላዩት ስለጠረጠሩ ለሳቸው ሲባል ተደገመ። ከኮሚቴው አባላት አንድም ቀን የቀረ የለም። ወደ ኤርድሪ የሚወስደው ሀይዌይ ቱ በግንቦት በረዶ ተሸፍኖ መኪና ከመንገድ እየወጣ ሲንሸራተት እንኳ እትዬ ሮማነወርቅ ቀድመው ደርሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ለትውልድ መጨነቅ እንዲህ ነው።

በመጨረሻም ውሳኔው ለሠናይት ተነገራት። ፊልሙ ተፈቅዷል፤ ግን በደንቡ መሠረት በአስተርጓሚ ይሆናል። ደንባችን ከመድረካችን የሚሰማ ማናቸውም የባዕድ ቋንቋ በተመደበ አስተርጓሚ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ ወደ አማርኛ ይመለሳል ይላል። ለእንግዳ ሰባኪ የወጣ ደንብ ነው፤ ትንሹ ንጉሥም ኮሚቴው አጥንቶ እንደደረሰበት እንግዳ ነው፣ ከመድረክም ይናገራል።

"ጋሼ ዘነበ፣ ልጆቹ እኮ የሚሰሙት እንግሊዝኛ ነው" አለች ሠናይት። "ፊልሙም እንግሊዝኛ ነው።"

"እሱማ ይታወቃል።"

"አማርኛ አይሰሙም።"

"ለዚህ ነው አስተርጓሚ የተመደበላቸው" አላት፣ ለማይገባው ሰው በሚያሳዩት ትዕግሥት።

ቅዳሜው ደረሰ። ሠናይት በየልጆቹ ቤት ደውላ፣ ለምና፣ ፊልም አለ ብላ ሰብስባ ክፍሏን ሞልታለች። ወንድም ዘነበ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ማይክ ይዞ ከስክሪኑ በስተግራ ቆመ። ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ እጁን ሲያነሳ እንዳቆም፣ ሲያወርድ እንድለቅ ታዘዝኩ። ንጉሡ ባልዲው ሥር ሆኖ "አንተ አሮጌ ቀበሮ፣ አሁኑኑ ካለቀቅኸኝ ላምህን ወተቷን ነው የማደርቅብህ" አለ። እጅ ተነሳ። አቆምኩ።

"ወንድሜ ሆይ" አለ ወንድም ዘነበ በማይኩ፣ "ወደ ቤትህ ስለጋበዝከኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።"

እጅ ወረደ። በዚህ ዓይነት ተጓዝን። መጠጥ ቤቱ "ወንድሞች በለስላሳ የሚወያዩበት አዳራሽ" ሆነ። ጨለማ ውስጥ እያለቀሰች የሰው ሞት የምታረዳዋ ጸጉረ ነጭ ሴት ስትመጣ ልጆቹ ወንበር ሥር ገቡ፤ አስተርጓሚው ግን ይህች እህት የመዘምራን አባል መሆኗን፣ ድምፅ እያሟሟቀች እንደሆነ ገለጸ። ምኞት የሚለው ቃል በጠቅላላ "የጸሎት ርዕስ" ተባለ። ሽማግሌው የመጀመሪያ ምኞቱ ድስት ሙሉ ወርቅ እንደሆነ ሲናገር በአማርኛ የአገልግሎት በር እንዲከፈትለት ጠየቀ።

የወንድም ዘነበ ልጅ ሄቨን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከልጆቹ ሁሉ አማርኛ የሚገባት እሷ ናት፤ አያቷ ናቸው ያሳደጓት።

"ዳዲ፣ እሱ እንደዛ አላለም" አለችው በእንግሊዝኛ።

አባትዬው ፈገግ አለና ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። "ልጄ፣ አባቴ በርታ ትላለች" ብሎ ተረጎመ።

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሳቁ ፎቅ ድረስ ተሰማና ልምምድ ላይ የነበሩት መዘምራን ወረዱ፤ ኩሽና ውስጥ ስለ ገበያው የሚጸልዩት ባለንብረቶችም ተከተሉ። ወላጆች ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ቆመው ቀሩ። ነገሩ ለእነሱ የተሠራ ይመስል ነበር፤ ስዕል ያለው ስብከት ነው፣ በየመሐሉ እየቆመ "አሜን" ለማለት ጊዜ ይሰጣል። ትንሹ ንጉሥ ምን ትፈልጋለህ ባለ ቁጥር ከኋላ የሚሰማው "አሜን" ጣሪያ ይነቀንቅ ነበር። ወዲያው ወንበር ጠፋ። ሠናይት ልጆቹ እንደማይታያቸው ለወንድም ደርበው ነገረችው። እሱም ነገሩን በጥሞና ካዳመጠ በኋላ፣ ታላቆችን ማክበር የትምህርቱ አካል ስለሆነ ልጆቹ ተነስተው ወንበሩን ለታላቆች እንዲለቁ አደረገ። ልጆቹ መጀመሪያ ግድግዳ ሥር፣ ቀጥሎ በር ላይ፣ ቀጥሎ ኮሪደር ሆኑ። ሠናይት ካፖርታቸውን ስታለብሳቸው ገና የመጀመሪያው ድስት ወርቅ አልመጣም ነበር። ቀሪው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተዛወረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሏ ከሰዓቷ በፊት ጢም አለች። በዚያኛውም፣ ከዚያ በኋላም። ወላጆች ለልጆቹ ፊልም እንዳይዘገዩ ልጆቹን ሰንሪጅ ሞል በር ላይ እያወረዱ እየበረሩ ይመጡ ጀመር። ሠናይት ደግሞ ብቻዋን ክፍሏ በር ላይ ቆማ የሚያስገባት አጣች፤ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ልጆቹን በሞሉ የምግብ አዳራሽ፣ ፉድ ኮርት ውስጥ ተበታትነው አገኘቻቸው። ጠረጴዛዎቹን ገጣጠመች። ማንንም አላስፈቀደችም። ያለ ማይክ፣ ያለ ደንብ፣ ጥብሱ እየሸተተ፣ ትምህርቱንም ተረቱንም እዚያው ነገረቻቸው። በሳምንቱ ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ።

ሰኔ ሲያልቅ የግምገማው ቀን ሆነ። ወንድም ዘነበ ለሽማግሌዎች ሪፖርት አቀረበ። የሕፃናት አገልግሎታችን በታሪኩ ታይቶ የማይታወቅ ዕድገት ማስመዝገቡን፣ ክፍሏ ሞልታ ሕፃናቱ እስከ ደረጃው መቆማቸውን፣ አብዛኞቹም ባለ ትዳር እንደሆኑ ገለጸ። ተጨበጨበ። አንድ ሰው ብቻ፣ ልጆቹስ የት ናቸው ብሎ ጠየቀ። ይህን አስቀድሞ ያሰበበት ሰው አልነበረም። ከውይይት በኋላ፣ ልጅ የማይገኝበት የልጆች ክፍል ትርጉም እንደሌለው ታምኖበት ክፍሏ ለታላቆች የፊልም ኅብረት እንድትሰጥ፣ የልጆቹ ትምህርት እንዲዘጋ፣ ሠናይትም ቁልፉን እንድታስረክብ ተወሰነ።

ሠናይት ውሳኔውን ቆማ ሰማች። አላለቀሰችም።

"ቁልፉን እሰጣችኋለሁ" አለች። "ለልጆቹ ግን እናንተው ንገሯቸው። እኔ አልነግርም።"

"የት ይገኛሉ?" አላት ወንድም ዘነበ።

"ልጅዎን ይጠይቋት።"

ኮሚቴው ሠናይትን ከነቁልፏ ይዞ በወንድም ደርበው ትራክ ተጭኖ ሰንሪጅ ሄደ። እኔም ድምፅ ማጉያ ካስፈለገ ተብዬ ተከተልኩ። ልጆቹ ፉድ ኮርቱን እኩሌታውን ይዘውታል፤ የማናውቃቸው የፊሊፒን፣ የሱዳን፣ የፈረንጅ ልጆችም አሉበት። ወንድም ዘነበ ንግግሩን አውጥቶ፣ አንድ ወንበር አስጠግቶ ቆመና ደንቡ ትዝ አለው። ጉባኤው ኦፊሴላዊ ነው፤ ንግግሩ አማርኛ ነው፤ አድማጩ ባዕድ ነው። አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ሠናይት ባለጉዳይ ነኝ ብላ እምቢ አለች። ወንድም ደርበው ስልክ ላይ ነበር። ወንድም ዘነበ እኔን አየና ዘጠነኛ ክፍሌን አስታውሶ ዓይኑን አነሳ።

"ሄቨን፣ ነይ ከጎኔ ቁሚ" አላት።

መጥታ ቆመች። እጇን አጣመረች፤ እሱ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ እንደሚያደርገው አንገቷን ትንሽ ወደ እሱ አዘነበለች።

"የተወደዳችሁ ሕፃናት፤ ዘመኑን የዋጀ ውሳኔ ይዘን መጥተናል" አለ።

"ዳዲ መልካም ዜና አለው" አለች ሄቨን በእንግሊዝኛ።

"ክፍሉ ካለበት የአጠቃቀም ጫና አንጻር ወደ ታላቆች ተዘዋውሯል።"

"ክፍሉ የእኛ ነው። ትልልቆቹ ከቅዳሜ ጀምሮ ይወጣሉ።"

ሠናይት ቀና አለች። ወንድም ዘነበ አላየም። አስተርጓሚውን የሚያዳምጥ ተናጋሪ የለም፤ ሁሉም ያችን ጊዜ የሚጠቀምባት የራሱን ቀጣይ ዓረፍተ ነገር ለማድነቅ ነው። የሄቨን እንግሊዝኛም ቢሮው ውስጥ ለእሱ ቀስ እያሉ የሚናገሩት ዓይነት አይደለም፤ እንደ ልጅ የሚሮጥ ነው። እሱ እንደ ልማዱ ፈገግ ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ጠበቃት።

"እህት ሠናይት ላበረከተችው ሁሉ ምስጋና ተሰጥቷት በክብር ትሰናበታለች።"

"ሠኒ የትም አትሄድም። ዳዲ ስላስከፋት ይቅርታ ይላል።"

"ፊልሙም ለዕድሜያችሁ የማይመጥን ሆኖ በመገኘቱ በኃላፊነት ስሜት ከእናንተ ተነጥሏል።"

"ፊልሙን ከመጀመሪያው እናያለን። ሳይቆም። ማንም ፊቱ አይቆምም፣ ዳዲም።"

ልጆቹ ጠረጴዛ ደበደቡ፤ አንዳንዶቹ ወንበር ላይ ወጡ። ጥብስ የሚሸጡት ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ወንድም ዘነበ እንዲህ ያለ ተቀባይነት በሕይወቱ አግኝቶ ስለማያውቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከጽሑፉ ወጥቶ፣ በውሳኔው የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ አለ። ይህን ሄቨን በትክክል ተረጎመችው። ያልወጣ እጅ አልነበረም፤ እትዬ ሮማነወርቅም እንግሊዝኛ ባይሰሙ ድምቀቱ ስቧቸው አወጡ። ሠናይት ልታስረክብ የዘረጋችውን ቁልፍ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

እኔ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ልነግረው እችል ነበር። የተመደብኩት ግን ለድምፅ ማጉያው ነው፤ ከተመደብኩበት ወጥቼ የሰው አገልግሎት ውስጥ አልገባም።

ቅዳሜ ታላቆቹ ለፊልማቸው ሲደርሱ ክፍሏን ልጆች ሞልተዋታል። ልጆቹ ወንበሩን ይዘዋል፣ መሬቱን ይዘዋል፣ መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። ሠናይት በሩ ላይ ቆማለች። ባለንብረቶቹ ቦታችን ብለው ጮኹ፤ ወንድም ደርበው የተሰጠን በውሳኔ ነው ብሎ ገፋ አደረገ። ግርግሩን ሰምተው የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ወረዱና ልጆቹን ማን አስገባቸው ብለው ጠየቁ።

"ዳዲ ነው" አለች ሄቨን በአማርኛ። "ሞል መጥቶ ነገረን። እኔ ተረጎምኩ። ክፍሉ የእናንተ ነው አለ፣ ሠኒም ትቀራለች አለ። አጠገቤ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቶ እንደዚህ አደረገ።" ራሷን ነቀነቀች። ፈገግታውም አልቀረባት።

ወንድም ዘነበ ነገሩ አንድ በአንድ ሲገባው ከፊቱ ላይ ታየ፤ ዘግይቶ፣ ግን ሙሉ በሙሉ።

"ወንድም ዘነበ" አሉ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ "በሽማግሌዎች ውሳኔ ላይ ይህን ብለሃል? ወይስ ልጅቷ በእንግሊዝኛ የምትለው አልገባህም ነበር?"

መዘምራኑ ተመለከቱት። ባለንብረቶቹ ተመለከቱት። እትዬ ሮማነወርቅም ወንበር ማግኘታቸውን ለጊዜው ትተው ተመለከቱት። አልገባኝም ቢል ክፍሏ ለታላቆች፣ ቁልፉም ለእሱ ነበር። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ በሁለት እጁ ያዘው፤ ደመና የሚገባበት ፎቅ፣ መድረኩ፣ ማይኩ፣ ለዓመታት በፈገግታ ያለፋቸው እንግዳ ሰባኪዎች ሁሉ በፊቱ አለፉ መሰለኝ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቃል በቃል ነው የተረጎመችው" አለ።

ሠናይት አመስግና በሩን ዘጋችው። ወንድም ዘነበ የቀረው በውጭ በኩል ነበር።